ለሳሎን ቲቪያችን የሲም ራውተር ፍለጋ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፋይበር እኛ ብሎክ ድረስ ገና አልገባም። አመልክተናል፤ ተራ እየጠበቅን ነው። ቤት ውስጥ ግን 43 ኢንች ስማርት ቲቪ አለ፤ ተመልካቹም ብዙ ነው። ልጆቹ ካርቱን ይላሉ። ባለቤቴ የኳስ ትንተና አያመልጠውም። እቴቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ስብከትና መዝሙር በትልቁ ስክሪን ማየት ለምደዋል።

እስካሁን ቲቪው ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኬ ሆትስፖት ነው። ስልኩ ከቤት ሲወጣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይወጣል። ሲደወልልኝ ኔትወርኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ይወርድና ቪዲዮው ቀጥ ይላል። ረጅም ሰዓት ሲሠራ ስልኩ ይግላል፤ ባትሪውም ይጎዳል። በዚህ ዓይነት ቤት አይኖርም። ስለዚህ የራሱ ሲም ያለው፣ እቤት የሚቀመጥ ራውተር ልገዛ ነው። የምሠራውን እየጻፍኩ እሄዳለሁ። ፋይበር የሚጠብቀው ብዙ ሰው ነውና ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ወስኛለሁ። ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር አይቼ አልገዛም። መጀመሪያ ቲቪው ምን እንደሚችል አያለሁ። ቀጥሎ ቤታችን ምን ዓይነት ሲግናል እንደሚያገኝ እለካለሁ። ራውተሩ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ቲቪው

የስልኬን ሆትስፖት ሴቲንግ ከፍቼ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀየርኩት። ቲቪው ላይ ዋይፋይ ሳስፈልግ የስልኬ ስም ከዝርዝሩ ጠፋ። ወደ 2.4 ስመልሰው ወዲያው ብቅ አለ። እንግዲህ ይሄ ቲቪ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አያይም ማለት ነው። ዋጋቸው ቀለል ያሉ ብዙ ስማርት ቲቪዎች እንዲሁ ናቸው። የእናንተንም በዚሁ መንገድ ሳንቲም ሳታወጡ ማወቅ ትችላላችሁ። ሻጩ "ዱዋል ባንድ ነው" (2.4ም 5ም ጊጋኸርዝ አለው ማለት ነው) ብሎ ዋጋ ሲጨምር፣ ጭማሪው ለስልኮቻችሁ እንጂ ለእንዲህ ዓይነቱ ቲቪ አይጠቅምም።

2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አስቸጋሪ ነው። ግድግዳ በደንብ ያልፋል፤ ችግሩ የጎረቤትም እንደዚያው ማለፉ ነው። የላይኛው፣ የታችኛውና የጎን ቤቱ ራውተር ሁሉ እዚያው ይጋፋል። ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ስንት ቤተሰብ በሚኖርበት ብሎክ ሦስት ቻናል ምን ያህል እንደሚያዳርስ አስቡት።

ቲቪውን ከግድግዳው ገፋ አድርጌ ጀርባውን በስልክ መብራት አየሁት። ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹ በታች የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳ አለ። በጣም ደስ አለኝ። ኬብል ከተሳበ የጎረቤት ዋይፋይ ቢጮህ ባይጮህ ቲቪውን አይመለከተውም።

የቲቪ የኬብል ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ አያስኬድም። ይሄን ሰምቶ ቅር የሚለው ሰው አለ። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ኔትፍሊክስ ለፉል ኤችዲ የሚጠይቀው በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ነው፤ ለ4ኬ 15። ዩቲዩብም ለ1080 (ያው ፉል ኤችዲ ነው) የሚመክረው 5 ሜጋ ነው፤ ለ4ኬ 20። ስለዚህ 100 ሜጋ ለአንድ ቲቪ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስፈልገኝ ትልቅ ፍጥነት አይደለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሳይቆራረጥ የሚቆይ ስምንት ሜጋ አካባቢ ነው። ይሄን አንድ መስመር ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ሱቅ ስሄድ ሌላ ነገር እንዳያማልለኝ ነው።

የዳታውንም ነገር አብሬ አሰላሁ። በኔትፍሊክስ አኃዝ ኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል፤ 4ኬ እስከ 7። በቀን ሦስት ሰዓት ብናይ ኤችዲው በወር 270 ጊጋ ይደርሳል፤ 4ኬው 630። የእኛ ቲቪ 43 ኢንች ነው፤ ሶፋው ደግሞ ከቲቪው ራቅ ያለ ነው። ከዚያ ርቀት በ4ኬና በፉል ኤችዲ መካከል ያለውን ልዩነት ማንም አይለየውም። 4ኬን ከሐሳቤ አወጣሁት።

እሁድ፦ ሲግናሉ

ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት አማራጭ አለን። እቤት የሁለቱም ሲም አለ። ከዚህ በኋላ "አንደኛው" እና "ሌላው" እያልኩ እጽፋለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የለካሁት የቤቴን መስኮት ነው። ከእኛ ሁለት ብሎክ ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው ቢለካ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ስልክ አናት ላይ ያሉት መስመሮች ብዙ አይነግሩም። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ *#*#4636#*#* ብትደውሉ፣ ሳምሰንግ ላይ ደግሞ *#0011# ብትሉ፣ ትክክለኛው ቁጥር ይወጣል። ሁለት ነገር ነው የምትፈልጉት። አንዱ አርኤስአርፒ ይባላል፤ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ነው። −80 አካባቢ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ −100 መካከለኛ፣ ከ−110 ከወረደ ደካማ ነው። ሁለተኛው ሲንር ነው። ከ20 በላይ ከሆነ ግሩም፣ ከ10 በላይ ጥሩ፣ ወደ ዜሮ ከተጠጋ መጥፎ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ለቪዲዮ ግን እኔ ይበልጥ የማምነው ሁለተኛውን ነው። ሰርግ ድንኳን ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ጮክ ብሎ ሲያወራ ድምፁ ይሰማል፤ ግን ሙዚቃው ከበላው ምን እንዳለ አይያዝም። አርኤስአርፒ ጩኸቱ ነው። ሲንር ከሙዚቃው ተለይቶ የሚሰማው ነው።

ስልኩን ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ አስቀምጬው ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቅኩ። እጅ ላይ ሲሆን ይዋዥቃል።

ሳሎን፣ ቲቪው ሥር፦ አንደኛው −104፣ ሲንር 3። ሌላው −97፣ ሲንር 2። ሁለቱም አይረቡም። ቲቪው የተሰቀለበት ግድግዳ በውስጠኛው በኩል ነው፤ ወደ ደረጃው። በመካከል ኮንክሪት አለ።

በረንዳ፦ ሌላው −84 ደረሰ። ስልኩ አናት ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆነ። ሲንሩ ግን 5 ላይ ቀረ።

የልጆቹ መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ፦ አንደኛው −91፣ ሲንር 14።

ለዓይን የሚያጓጓው በረንዳው ነው። እኔ ግን የልጆቹን መስኮት ምልክት አደረግሁበት።

ሰኞ ማታ

ጠዋት የሚለካ ፍጥነት ስለ ማታው ምንም አይናገርም። ሰው ሥራ ላይ ነው፤ አንቴናው ባዶ ነው። ማታ ሁሉም እቤቱ ይገባና ዩቲዩብ ይከፍታል። አንድ የኔትወርክ ማማ ያለውን አቅም ለተጠቃሚው ሁሉ ያካፍላል፤ አዲስ ኮንዶሚኒየም ባለበት ሰፈር ደግሞ ተካፋዩ ብዙ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለካሁ። በረንዳው ላይ ሌላው ሲም ጠዋት 40 ሜጋ ሰጥቶኝ ነበር። አሁን ከ3 እስከ 4 ሜጋ ሆነ፤ እሱም እየወረደ እየወጣ። የልጆቹ መስኮት ላይ አንደኛው ሲም ጠዋት 28 ነበር። ማታ ከ11 እስከ 14 ባለው መካከል ቆየ። ሲግናሉ ሙሉ የነበረው ተሸነፈ።

ፍጥነት መለኪያ አፕ የሚያየው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ በሱ አላበቃሁም። ስልኩን መስኮቱ ላይ ትቼ ቲቪውን በሆትስፖት አገናኘሁትና ዩቲዩብ ከፈትኩ። ቪዲዮው እየሄደ የሴቲንጉን ምልክት ስትነኩ "ስታትስ ፎር ነርድስ" የሚል ምርጫ አለ። እሱን ስታበሩት ስክሪኑ ጥግ ላይ ጥቁር ሳጥን ይመጣል። ከውስጡ "በፈር ሄልዝ" የሚለውን ተመልከቱ። ቲቪው አስቀድሞ አውርዶ የያዘው ስንት ሰከንድ እንደሆነ ይናገራል። 30 እና 40 ሰከንድ ላይ ከቆመ ኔትወርኩ ለአፍታ ቢጠፋም ተመልካቹ አያውቅም። እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ያ የምናውቀው ክብ መዞር ይጀምራል።

በአንደኛው ሲም በፈሩ አብዛኛውን ሰዓት ከ20 በላይ ነበር። አልፎ አልፎ ግን በድንገት ወደ 5 ይወርዳል። በዚያው ቅጽበት ልጆቹ ክፍል ሄጄ ስልኩን አየሁት። ኢንተርኔቱ ደህና ነው። ስለዚህ የሚንቀራፈፈው ከስልኩ ወደ ቲቪው ያለው ዋይፋይ ነው። ኬብል መሳብ እንዳለብኝ እዚህ ላይ ተረጋገጠልኝ።

አሁን ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። መስኮት ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ፣ የኬብል ቀዳዳ ያለው፣ ከተቻለም የውጭ አንቴና መግጠሚያ ያለው ራውተር።

ማክሰኞ፦ የውጭ ዘመዶች

ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ "አትግዢ፣ ከዚህ ልላክልሽ" አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እንዳይልክ ነገርኩት። አሜሪካ ውስጥ የሞባይል ድርጅቶች ለቤት ኢንተርኔት የሚሰጧቸው ራውተሮች የተሠሩት ለራሳቸው ባንድ፣ ማለትም ኔትወርካቸው ለሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ 2፣ 4፣ 12፣ 66፣ 71 ለመሳሰሉት። እዚህ አገር ለ4ጂ ዋናው 1800 ሜጋኸርዝ ነው፤ እሱም ባንድ 3 ይባላል። ባንድ 3 የሌለው ራውተር እዚህ መጥቶ ብዙ አይፈይድም። ከዚያም በላይ በድርጅታቸው ሲም የተቆለፉ ናቸው።

ከዱባይና ከሳዑዲ የሚመጡት በዚህ በኩል ይሻላሉ። እዚያም ባንድ 3 ስለሚሠራበት ከኛ ጋር ይገጥማሉ። የነሱ ጣጣ ቁልፉ ነው። የአንድ ድርጅት ዓርማ የታተመበት ራውተር ብዙ ጊዜ የሌላ ሲም አይቀበልም። ዘመድ ሊልክላችሁ ካሰበ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ባንድ 3 አለው ወይ? ለማንኛውም ሲም ክፍት ነው ወይ?

ረቡዕ፦ መገናኛና መርካቶ

ጠዋት መገናኛ፣ ከሰዓት መርካቶ ነበርኩ። ዋጋ አልጽፍም፤ በሳምንቱ ይለወጣል። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ሻጩ መጀመሪያ የሚያወጣላችሁ ማይፋይ ነው፤ ያቺ ኪስ የምትገባዋ ባለ ባትሪዋ። ለመንገድ ጥሩ ናት። ለቲቪ ግን አልመክርም። አብዛኞቹ የኬብል ቀዳዳ የላቸውም። ማንም ካልተጠቀመባቸው ባትሪ ለመቆጠብ ዋይፋያቸውን ያጠፋሉ፤ ቲቪው ሲበራ ኔትወርክ ያጣል። ቀን ከሌት ቻርጅ ላይ ሲውሉ ባትሪያቸው ሊያብጥ ይችላል። "ቲቪው ዩኤስቢ ላይ ሰኪያት" የሚል ሻጭም ገጥሞኛል። የቲቪ ተራ ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፤ ማይፋይ 4ጂ ላይ ሲሠራ ያ አይበቃውም። ቲቪው ሲጠፋ ደግሞ ኃይሉም አብሮ ይቋረጣል።

ሁለተኛው ነገር "300" የሚለው ቁጥር ነው። አንዱ ሱቅ ውስጥ ልጁ ካርቶኑን አዙሮ አሳየኝ።

"እህቴ፣ ይሄ 300 ሜጋ ነው። ምንም አያሳስብሽ።"

"ወንድሜ፣ 300ው የዋይፋዩ ነው ወይስ የሲሙ?"

ቆም ብሎ አነበበውና "የዋይፋዩ ነው፤ ሲሙ 150 ይላል" አለኝ። ቅን ልጅ ነው፤ አልደበቀኝም። የያዘው ቲፒ-ሊንክ ኤምአር6400 ነበር። ዋይፋዩ 2.4 ብቻ ሆኖ እስከ 300፣ የ4ጂ በኩሉ ግን ካት 4 (ካት የ4ጂ አቅም ደረጃ ነው) ስለሆነ እስከ 150 ነው። መጥፎ ዕቃ አይደለም። አራት የኬብል ቀዳዳ አለው፤ አንቴናዎቹም ይነቀላሉ። ቲቪውን በኬብል ለሚያገናኝ ሰው በደንብ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የየትኛው እንደሆነ ግን ሁልጊዜ ጠይቁ።

በየሱቁ ዓይኔ ያረፈባቸው እነዚህ ናቸው። ሁዋዌ ቢ310፦ በየቤቱ የምናየው ነጩ ሳጥን፤ ካት 4፣ ዋይፋዩ 2.4 ብቻ፣ አንድ የኬብል ቀዳዳ። ያገለገለው እንደ ልብ ይገኛል። ቲፒ-ሊንክ አርቸር ኤምአር200፦ ይሄም ካት 4 ነው፤ ግን 5 ጊጋኸርዝም አለው። ሁዋዌ ቢ535፦ ካት 7፣ በሁለቱም ባንድ ዋይፋይ፣ አራት ፈጣን የኬብል ቀዳዳዎች፣ ከኋላው ሁለት የአንቴና መግጠሚያ። ከነሱ ሁሉ ዋጋው ከፍ ይላል።

ካት 4ና ካት 7 ለምን ይለያያሉ? ካት 4 በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ባንድ ነው። ካት 6ና ከዚያ በላይ የሆኑት ኔትወርኩ ከፈቀደ ሁለት ባንድ በአንዴ አጣምረው ይጠቀማሉ። ማታ አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ያግዛል። ጠዋት ላይ ለውጡ ብዙም አይታወቅም። ለእኔ ግን ያስጨነቀኝ ማታው ነው።

5ጂ ራውተርም ጠየቅኩ። ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ላይ 5ጂን በ2014 ዓ.ም. በሙከራ፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ለገበያ አቅርቧል። እኛ ቤት ውስጥ ግን 5ጂ ስልክ ምንም አያሳይም። ሲግናሉ በሌለበት ዕቃውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሐሙስ ማታ፦ የተውሶ ሙከራ

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽዬ ቢ310 አላቸው። ለአንድ ምሽት አዋሱኝ። የልጆቹ መስኮት ላይ አስቀምጬ የአንደኛውን ሲም ከተትኩ። ከቲቪው ጋር የሚያገናኝ ኬብል ለሙከራ መሬት ለመሬት ዘረጋሁ።

አሳሹ ላይ 192.168.8.1 ብዬ የራውተሩ ሴቲንግ ገጽ ውስጥ ገባሁ። ራውተሩ በስልኩ ካየሁት ትንሽ የተሻለ ሲንር ነበረው። አንቴናው ከስልክ ይበልጣል፤ እጅና ሰውነትም አይከልለውም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፍጥነቱ 12 ሜጋ አካባቢ ሆነ። የዩቲዩብ በፈር ከ30 ሰከንድ አልወረደም። እቴቴ አንድ ሙሉ ስብከት ሳይቆምባቸው አዩ። "ምን አድርገሽው ነው?" አሉኝ።

ሳጥኑን ሆን ብዬ ወደ ሳሎን፣ ቲቪው ሥር አመጣሁት። ያው ራውተር፣ ያው ሲም፣ ያው ሰዓት። ፍጥነቱ 2 ሜጋ ሆነ፤ ክቡም መዞር ጀመረ። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። "ራውተሩ አይረባም" ብለው ወደ ሱቅ የሚመልሱ ስንቶች፣ መስኮቱ ጋ ወስደው ቢያዩት ኖሮ!

እውነቱን ለመናገር ቢ310ም ለቲቪው ይበቃን ነበር። ብር የሚቆጥብ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ትክክል ነው። እኔ ግን ከቲቪው ሌላ የልጆች ታብሌትና ባለቤቴ እቤት ሆኖ የሚሠራው ሥራ አለብኝ። እነሱን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማሻገር እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ፦ ግዢው

ያገለገለ ቢ535 ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ያደረግሁትን ልጻፍ። ሶኬት ላይ አስሰክቼ የራሴን ሲም ከተትኩ። ሌላውንም ሲም አስገብቼ ሁለቱም መቀበሉን አየሁ፤ ያልተቆለፈ መሆኑን የማውቀው በዚህ ብቻ ነው። ከጀርባው ያለውን ወረቀት ከሴቲንግ ገጹ ሞዴል ጋር አስተያየሁ። የኬብል ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በላፕቶፕ ሞከርኩ። ያገለገለ ዕቃ ላይ አንዱ የሞተ ሊሆን ይችላል። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ሻጩ እንዲሰጠኝ ሳልጠብቅ ወደ ፋብሪካ መነሻው መለስኩት። አዳፕተሩም የራሱ መሆኑን አየሁ፤ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ይላል።

ስለ ሲሙ ትንሽ ላክል። ናኖውን ሲም በፕላስቲክ ማቀፊያ አድርጎ ትልቁ ቀዳዳ ውስጥ መክተት የተለመደ ነው። ሲወጣ ግን ማቀፊያው የራውተሩን ሽቦ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለራውተሩ በመጠኑ የተቆረጠ ሲም ማውጣት ይሻላል።

ጥቅሉን የምገዛው ከስልኬ ለሌላ ቁጥር በመግዛት ነው። የራውተሩ ሲም ላይ የሚመጣው መልእክት ሴቲንግ ገጹ ውስጥ ይነበባል። "ያልተገደበ" የሚል ጥቅል ስትገዙ ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነ አስቀድማችሁ አንብቡ። ለቲቪ ወሳኙ ያ መስመር ነው።

እሁድ፦ ኬብሉ

ከልጆቹ መስኮት እስከ ቲቪው ድረስ ኬብል ሳብን። ባለቤቴ ጣሪያው ጥግ ላይ በመያዣ እየመታ ሄደ፤ እኔ ጫፎቹን ሠራሁ። ካት 5ኢ ኬብል ነው (ይሄ ካት የኬብል ደረጃ ነው፤ ከራውተሩ ካት ጋር አይገናኝም)፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ጫፉን ለመሥራት የውጭውን ልጣጭ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አነሳሁ። ስምንቱን ክሮች ፈትቼ አቃናኋቸው። አሰላለፉ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። የፕላስቲኩ መንጠቆ ወደ ታች ይሁን፤ የናሱ ጥርስ ወደ ላይ። ጫፎቹን በአንድ ልክ ቆርጬ እስከ መጨረሻው ገፋኋቸው። በፕላስቲኩ ፊት ለፊት ሲታይ ስምንቱም የናስ ነጥቦች መታየት አለባቸው። ከዚያ በፒንሳው ጨመቅኩት። ልጣጩም አብሮ መያዝ አለበት፤ ያለበለዚያ ኬብሉ ሲጎተት ክሮቹ ይወጣሉ።

ቲቪው 100 ሜጋ ስለሆነ የሚጠቀመው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና ስድስተኛ ክሮችን ብቻ ነው። ብርቱካኑና አረንጓዴው ጥንድ ማለት ነው። ቲቪው "ኬብል አልተሰካም" ካላችሁ መጀመሪያ የምታዩት እነዚህን ነው።

ሰካሁት። ቲቪው ራሱ አወቀው። ከዚያ የቲቪውን ዋይፋይ አጠፋሁት። ከስልክ ወደ ቲቪ ቪዲዮ መላክ ግን እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ ስልኩም ቲቪውም አንድ ራውተር ላይ ናቸው። ስልኩ የእንግዳ ዋይፋዩ ላይ ከሆነ ግን ቲቪውን አያገኘውም። ቢጠፋባችሁ ይሄን እዩ።

ማክሰኞ፦ መብራት ጠፍቶ መጣ

ይሄን ማየት ስፈልግ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ቲቪው ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳል። ራውተሩ ኔትወርክ እስኪያገኝ ደቂቃዎች ይወስዳል። በዚህ መካከል ዩቲዩብ የከፈተ ሰው "ኢንተርኔት የለም" ይባላል። እቴቴ ቲቪው የተበላሸ መስሏቸው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የቲቪው ሰዓትና ቀን ከተዛባ አፖቹ አንከፍትም ይላሉ፤ ኢንተርኔቱ እያለ። ሰዓቱ በራሱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል አደረግሁት።

ለራውተሩ ትንሽ ባለ 12 ቮልት መጠባበቂያ ባትሪ ገዛሁ። ቮልቱንና የመሰኪያውን ፕላስና ማይነስ ከአዳፕተሩ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። አሁን መብራት ሲጠፋ ቲቪው ይጠፋል፤ ራውተሩ ግን አይጠፋም። ስልኮቻችን ይቀጥላሉ። መብራት ሲመጣም ቲቪው ኢንተርኔቱን ዝግጁ ሆኖ ያገኘዋል።

ቅዳሜ ማታ

የምሽቱን ሰዓት ስከታተል ሰነበትኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ከ14 እስከ 19 ሜጋ ባለው መካከል ይቆያል። ከተውሶው ሳጥን የተሻለ ነው፤ ሁለት ባንድ ማጣመሩ የረዳው ይመስለኛል። በፈሩ 40 ሰከንድ አካባቢ ነው። ታብሌቶቹ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ናቸው። ራውተሩ ውስጥ የወሩን የዳታ መጠን መመዝገቢያ አለ፤ ከጥቅሉ ጋር አስተካክዬዋለሁ።

የውጭ አንቴና ልግዛ ወይ ብዬ ነበር። ሲንሩ አሁን 15 እና 16 ላይ ስለሆነ ትቼዋለሁ። ወደ 5 የሚወርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ሁለት ገመድ ያለውን እገዛ ነበር፤ 4ጂ በሁለት አንቴና ነውና የሚሠራው አንድ ገመድ ብቻ ያለው ግማሽ መፍትሔ ነው። ገመዱም አጭር መሆን አለበት። በረዘመ ቁጥር ያገኘውን ሲግናል መልሶ ይበላዋል።

ጋሽዬ የእሳቸውን ቢ310 ከሳሎናቸው አንስተው ወደ መኝታ ቤት መስኮት ሊወስዱት ነው። ነገ ከሰዓት ኬብሉን አብረን እንስባለን።

የራውተሩን ሴቲንግ ሳገላብጥ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ከአራቱ የኬብል ቀዳዳዎች አንዱ ከውጭ የሚመጣ መስመርም ይቀበላል። ፋይበሩ ሲገባ እዚያ ይሰካል፤ ሲሙ ደግሞ ፋይበሩ የተቋረጠ ዕለት እንዲተካ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል። ወደ ቲቪው የሳብነው ኬብል አይነካም።